ለጎደለባት የተሞላ ብልቃጥ

ኅዳር 2 ቀን 2017፣ ወልድያ

ይህን ደብተር ዶክተር ብዙነሽ ሰጡኝ። ከመስክ ሥራ የተረፈ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ስድስት ገጾች ተቀድደዋል፣ ጀርባውም ውኃ ነክቶታል። «ናስር፣ ያስጨነቀህን ነገር ውስጥህ አታኑረው፣ ጻፈው። ስትጨነቅ ጥፍርህን ትበላለህ፤ ጥፍር ውስጥ ምን እንዳለ ደግሞ እኔና አንተ እናውቃለን» አሉኝ። በእርግጥም እናውቃለን። የእርሳቸው ሥራ የሆድ ትላትልና የቢልሃርዚያ ምርምር ነው፤ የእኔ ሥራ የገጠሩ ሰው የሰጠውን ናሙና ተሸክሞ ላብራቶሪ ማድረስ ነው።

ትምህርቴ እስከ አራተኛ ክፍል ነው። መጻፍ የተማርኩት ግን ከትምህርት ቤት ይልቅ፣ ኢሉባቦር ውስጥ በወረዳችን ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ ይጽፉ ከነበሩት ከጋሽ ወልዴ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ወረቀት አቀብያቸዋለሁ፣ ያረቀቁትን ገልብጬላቸዋለሁ። «ጉዳይህን በመጀመሪያው መስመር ተናገር፤ ዳኛ ጊዜ የለውም» ይሉኝ ነበር። እኔ ዛሬ በመጀመሪያው መስመር የተናገርኩት ስለ ደብተሩ ነው። ጉዳዬ ደብተሩ አይደለም።

ኅዳር 4

ዶክተር ለከፍተኛ ተመራማሪነት ማዕረግ ሊያመለክቱ ነው። ማመልከቻው ከታኅሣሥ 20 ማለፍ የለበትም። ስምንት የታተሙ የምርምር ጽሑፎች ይጠየቃሉ፤ እርሳቸውም ያሏቸው ልክ ስምንት ናቸው፣ አንድም ትርፍ የለም። ዛሬ ዝርዝሩን አባዝቼ እንድመጣ ወደ ፎቶ ኮፒ ቤት ላኩኝ። የቤቱ ሠራተኛ ቃልኪዳን እንግሊዝኛ ታነባለች፤ ወረቀቱን አገላብጣ አየችና፣

«ይኼ ሁሉ ስለ ሰገራ ነው?» አለችኝ።

«ስለ ሕዝብ ጤና ነው» አልኳት።

«ስምንት ጊዜ?»

ስድስተኛው ሲባዛ ግን መሳቅ አቃተኝ። በእርሱ የመጨረሻ ገጽ፣ ምስጋና በሚቀርብበት ሥፍራ፣ የእኔ ስም በላቲን ፊደል ተጽፏል። ዶክተር ባለፈው ዓመት በጣታቸው ሲያሳዩኝ ወዲያው ለእናቴ ደውዬ ነበር። እናቴ ሀጂራ ለመንደሩ ሁሉ አውርታለች፤ «የልጄ ስም በዓለም መጽሔት ወጣ» ብላ።

ኅዳር 7

ዛሬም ጉዳዬን መጻፍ አልቻልኩም።

ኅዳር 9

መርሳ ሄጄ ተመለስኩ። የሄድኩበት ምክንያት ዘመድ ፍለጋ ነው። አያቴ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ጊዜ ከሀብሩ በሰፈራ ተጭነው ኢሉባቦር የወረዱ ሰው ናቸው፤ እኔ ደግሞ ሥራ ፍለጋ ተመልሼ መጣሁ። ከመርሳ በታች፣ ወንዙ ዳር ያለችው የሾላ ምንጭ መንደር የአያቴ አገር ሳትሆን አትቀርም ይላሉ እማማ ነሲባ። እማማ የመንደሩ የሴቶች ቅሬ፣ ሌላው አገር እድር የሚለው፣ መሪ ናቸው፤ ሰው ሲሞት፣ ሲታመም፣ ቤት ሲቃጠል ቅሬው በእርሳቸው ቃል ይነሣል። ሁለት ዓመት ተኩል ዘመዴን ሲፈልጉልኝ ቆይተዋል። እስካሁን አልተገኘም፤ ቢሆንም በየሁለት ሳምንቱ መሄድ ተገቢ ነው።

የልጅ ልጃቸው ናጅዋ በዚህ ጊዜ ውኃ አላቀበለችኝም። እግሬን ስታጠብ «ኢሉባቦር እንዲህ ነው የምትታጠቡት፣ ጭቃውን እያባበላችሁ?» ብላ አልቀለደችም። ተኝታ ነበር። ፊቷ እንደ ወረቀት ነጥቷል።

«ሆዷን ነው የያዛት» አሉኝ እማማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ደምም አይታለች። ጤና ኬላው ጋ ወሰድናት፤ ክኒን ሰጡን፣ አልተሻላትም። ቢልሃርዚያ ይሆን ወይ ብዬ ብጠይቅ፣ ‹ሾላ ምንጭ ቢልሃርዚያ የለም፤ በጥናት ተረጋግጧል› አሉኝ። የእናንተው ጥናት ነው አሉ ልጄ፤ አላህ ይስጣችሁ።»

ሻዩን ሳልጨርስ ተነሣሁ። በሚኒባሱ ውስጥ ሲሪንቃን መቼ እንዳለፍን አላውቅም።

ኅዳር 12

ዛሬ ጉዳዬን እናገራለሁ።

በግንቦት 2014 ዓ.ም. ለሥራው አዲስ ነበርኩ። ዶክተር አንድ መቶ ሃያ ብልቃጥ አስይዘው ሾላ ምንጭ ላኩኝ። ብልቃጥ የምንለው ክዳን ያለው ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ ነው፤ ማታ ለየሰዉ ይታደላል፣ ጠዋት እያንዳንዱ የራሱን ሰገራ ናሙና ጨምሮበት ይመልሳል። ቤት ለቤት ስዞር ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁብኝ። ወንዶቹ «ለሕክምና ነው ወይስ ለመተት?» አሉኝ። እንዲህ ያለውን ነገር ለጎልማሳ ወንድ በእጅ መስጠት ነውር ሆነባቸው። እማማ ነሲባ መሐል ደጅ ላይ ቆመው ሲያዩኝ ቆዩና፣ «አንተ ልጅ፣ አትንከራተት። እነሱ ለእኔ ያስረክባሉ፣ እኔ ለአንተ» አሉኝ። እጃቸውን ልስም ምንም አልቀረኝም ነበር። «ሁሉም ሞልቶ ይምጣልኝ ብቻ» አልኳቸው።

በማግሥቱ መቶ ሃያውም ብልቃጥ በሁለት ሰፌድ ላይ ተደርድሮ፣ የሙዝ ቅጠል ለብሶ ጠበቀኝ። አንድም ባዶ አልነበረም። ዶክተር ሲያዩት «በዕድሜዬ እንዲህ ያለ መንደር አላየሁም!» ብለው ግንባሬን ሳሙኝ። ከቤት ከወጣሁ ወዲህ ግንባሬን የሳመኝ ሰው አልነበረም።

ነገር ግን ሰፌዱን ተሸክሜ ስወጣ፣ ከአጥሩ ኋላ ሴቶች ሲሳሳቁ ሰምቻለሁ።

«የእኔዋ ኮረዳ የአራት ቤት ሞላችላቸው፣ እግዜር ይጠብቃት!» አለች አንዲቱ፤ የክርስቲያን ሴት መሆኗን በንግግሯ አወቅሁ።

«ምን ይደረግ፤ እማማ ‹ለጎደለባት ያላት ትሙላላት› ብለው የለ» አለች ሌላይቱ።

የቅሬው ደንብ ነው። ለለቅሶ እንጀራ ወይም እንጨት ሲዋጣ አንዷ ቤት ከጎደለ ጎረቤት ይሞላላታል፤ ማን እንደ ሞላ፣ ለማን እንደ ተሞላ አይነገርም፤ ማንም ሳያፍር ለቅሶው ይወጣል። ሆዳቸውን የታመሙት፣ ደም የሚያዩት ሴቶች ብልቃጣቸውን ይዘው መምጣት አፈሩ። ጤነኞቹ ሞሉላቸው።

ከመቶ ሃያው ውስጥ በሁለቱ ብቻ ቢልሃርዚያ ተገኘ። በላይና በታች ባሉት መንደሮች ግን ከሦስት ሰው አንዱ ታማሚ ነበር። ዶክተር ተደነቁ። አራት ጊዜ ተመላለሱ፣ የመንደሩን ምንጭ ለኩ፣ ፎቶ አነሡ፤ ሾላ ምንጭን ያዳናት ከወንዙ ይልቅ ከምንጩ መቅዳቷ ነው ብለው ጻፉ። ስድስተኛው ጽሑፍ ይህ ነው። ከስምንቱ ሁሉ ሌሎች ተመራማሪዎች አብዝተው የጠቀሱት እርሱን ነው። መድኃኒቱም ሲታደል በላይና በታች ላሉት ታደለ፣ ሾላ ምንጭ ታለፈች።

ሰምቼ ነበር። አልተናገርኩም። በመጀመሪያ የሙከራ ጊዜዬ ስላላለቀ ነበር፤ ቀጥሎ ዶክተር ደስ ስላላቸው፤ ከዚያ በኋላ ዝም ማለቴን መናገር ስላሳፈረኝ ነው። ናጅዋ እንደ ጥናቱ ቃል ሊኖራት በማይችል በሽታ ተኝታለች።

ኅዳር 15

ይታገሱን ጠየቅሁት። ይታገሱ የላብራቶሪ ባለሙያችን ነው፤ ደግ ሰው ነው፣ ምላሱ ግን አይራራም።

«ለምሳሌ አንድ ሰው» አልኩት፣ «ናሙና ሲሰበስብ ስሕተት እንደ ነበረ ቆይቶ ቢያውቅ…»

«ምን ለምሳሌ አለው? ላብ አጥምቆህ ለምሳሌ አለ?»

ነገርኩት። መስታወት እያጠበ ነበር፤ ቧንቧውን ዘጋ። ሊስቅ ጀመረና ተወው።

«ስማኝ፤ የታተመ ወረቀት የፈሰሰ ውኃ ነው። ደግሞ ስድስተኛውን ብታስነሣባት ሰባት ሊቀራት ነው። ሴትዮዋ በዚያ በክፉው ጊዜ ማይክሮስኮፑን በጤፍ ጆንያ ውስጥ ቀብራ፣ ጆንያውን ተሸክማ በእግሯ የወጣች ናት። ቤቷን ትታ ማይክሮስኮፕ! አሁን ልታስለቅሳት ነው?»

«ልጅቱስ?»

«የቷ ልጅ?»

የመንደሩ ሰው ማለቴ እንደ ነበር አስረዳሁት።

ኅዳር 21

መንገድ ተዘግቷል ይባላል። መርሳ መሄድ አልተቻለም። ስልክም አይሠራም። ጥፍር የለኝም።

ኅዳር 24

ዶክተር ዛሬ ምሳቸውን አካፈሉኝ። ሁልጊዜ «በዛብኝ» ይላሉ፤ ቢበዛባቸው ኖሮ በየቀኑ ያንኑ ያህል ባልቋጠሩ ነበር። ማይክሮስኮፑ ላይ ሲጎነበሱ አምባሰል ያንጎራጉራሉ፤ የትሉን እንቁላል ሲያገኙ ዜማው ይቆማል፣ ይቆጥራሉ፣ ይቀጥላል። እኔ ከዜማው ብቻ የታማሚውን ብዛት አውቃለሁ። ያኔ የሾላ ምንጭን ሲያዩ ዜማው ከሁለት ጊዜ በላይ አልተቋረጠም ነበር።

ማዕረጉ ሲሰጣቸው የሚለብሱትን ቀሚስ እኅታቸው ልካላቸዋለች። «እስቲ እዩልኝ፣ አያወፍረኝም?» ብለው ቢሮ ውስጥ ለይታገሱና ለእኔ አሳዩን። አላወፈራቸውም። ይታገሱ አየኝ። መሬት መሬት አየሁ።

ኅዳር 29

መንገዱ ተከፈተ። እማማ ነሲባ ደወሉ። ናጅዋ ተነሥታለች፣ ግን ከደጅ እስከ በረት ሄዳ ታርፋለች አሉ። «ሰላም በይልኝ ብላለች» ብለው ጨመሩ። በትክክል የተጠቀሙበት ቃል ይህ ነው። እመዘግበዋለሁ፣ ምንም ጥቅም ባይኖረውም።

ታኅሣሥ 3

ዛሬ ልነግራቸው ገብቼ «ወረቀት አልቋል» ብዬ ወጣሁ። ወረቀት አላለቀም።

ታኅሣሥ 4

ዛሬም ገባሁ። «ወረቀት ተገዛ እኮ» አሉኝ።

ታኅሣሥ 6

በአፌ ካልቻልኩ በምችለው ልናገር ብዬ ማመልከቻ ጻፍኩ። ሦስት ጊዜ ገልብጬ ዛሬ ጠዋት በሁለት እጄ ሰጠኋቸው። ቅጂው ይህ ነው፦

«ለዶክተር ብዙነሽ።
ጉዳዩ፦ በግንቦት 2014 ዓ.ም. ከሾላ ምንጭ የመጣው ናሙና የየባለቤቱ አለመሆኑን ስለ ማሳወቅ።
አመልካች ሁለቱን ሰፌድ በተረከበበት ዕለት፣ ከፊሎቹ ብልቃጦች ‹ለጎደለባት ያላት ትሙላላት› በሚለው የቅሬው ደንብ መሠረት በጎረቤት መሞላታቸውን፣ አንዲት ልጅም የአራት ቤት መሙላቷን በጆሮው ሰምቷል። ሰምቶም ለሁለት ዓመት ከስድስት ወር ዝም ብሏል። ለዝምታው የሚያቀርበው ምክንያት የለውም፤ ያሉት ምክንያቶች ሁሉ ስለ ራሱ ናቸውና። በመንደሩ ደም የሚያዩ ሰዎች አሉ። መድኃኒት አልደረሳቸውም። አመልካች የሚለምነው ለራሱ ምሕረት ሳይሆን፣ ነገሩ እንደገና እንዲታይ ነው።»

ቆመው ጀመሩት፣ ተቀምጠው ጨረሱት።

«ለጎደለባት ያላት ትሙላላት» አሉ። ከዚያም ሳቁ። እስኪያነቡ ሳቁ። «አንዲት ልጅ የአራት ቤት?»

«እንዲያ ሲሉ ሰምቻለሁ።»

ሳቁ ባለበት ቆመ። ዕንባው ግን አልቆመም። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ።

«እኔ እኮ ያን ምንጭ አራት ጊዜ ለካሁት፣ ናስር» አሉኝ። «በየቀኑ አብረን በልተናል። አንድ ቀን፣ የምትነግረኝ አንድ ቀን እንኳ አጣህ?»

ወጡ። የምሳ ዕቃቸውን ትተው ሄዱ። ዕቃውን አጥቤ ላስቀምጥላቸው ብዬ ከፈትኩት፤ ምግቡ ሳይነካ ነበር፣ ለሁለት ሰው የሚበቃ።

ታኅሣሥ 7

አላናገሩኝም።

ታኅሣሥ 8

አላናገሩኝም። ልብሴን በፌስታል አዘጋጅቻለሁ። ይታገሱ «ገና አላባረረችህም፤ ራስህን አታባርር» አለኝ። ኢሉባቦር ለመድረስ ሦስት ቀን ያስፈልጋል። ከዚህ ስሄድ የማዝነው ስለ ሥራው ነው ብዬ ልጽፍ ነበር።

ታኅሣሥ 9

በጠዋት በሩ ላይ ቆመው፣ «ጫማህን እሰር፤ መርሳ እንሄዳለን» አሉኝ። በመንገድ ሁሉ አንድ ቃል ብቻ ተናገሩ፤ ሲሪንቃ ስንደርስ ብርቱካን ገዝተው ግማሹን ሰጥተውኝ «ብላ» አሉ።

እማማ ነሲባ ከበር ወጥተው ሁለታችንንም አቀፉን። «ዶክተሯ መጣች! ናጅዋ፣ ምንጣፍ! ኧረ ተይው አንቺ አትነሺ፣ እኔ አነጥፋለሁ!» ናጅዋ ግን ተነሥታ ነበር።

ዶክተር ጎንበስ ብለው፣ «እማማ፣ ያን ጊዜ ብልቃጡን ማን ነበር የሞላው?» አሉ።

«እኛ ነና!»

«የየራሳችሁን?»

«ምን ነካሽ ልጄ። ያልሆነላት ምን ትሁን? ያፈረችስ? እንግዳ ባዶ ዕቃ ይዞ ይመለስ?»

«የየራስ መሆን ነበረበት እኮ እማማ።»

«ማን ነገረን?» እማማ ፊታቸውን ወደ እኔ መለሱ። «ይኼ ልጅ ሁሉም ሞልቶ ይምጣ አለ። ሞልቶ መጣ። የየራሳችሁን ብሏል? በአላህ፣ ብለሃል?»

አላልኩም ነበር። ሁለት ዓመት ተኩል የራሴ ጥፋት ዝም ማለቴ ብቻ መስሎኝ ኖሬ፣ ዛሬ ምንጣፍ ላይ ተቀምጬ ከዝምታው የሚቀድም ጥፋት እንዳለኝ አወቅሁ። ናጅዋ ከጓዳ ስትስቅ ሰማሁ፤ ከአንድ ወር በኋላ የመጀመሪያዋ ሳቅ ስለ ነበረች አልተቀየምኩም።

ዶክተር ቀስ ብለው ሁሉን አስረዷቸው፤ ወንዙን፣ ጽሑፉን፣ ታልፎ የቀረውን መድኃኒት። እማማ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ሰሙ።

«እኛ ነን እንግዲህ ልጆቻችንን መድኃኒት የከለከልናቸው።»

«እኔ ነኝ» አሉ ዶክተር። «ሁሉም ብልቃጥ ሞልቶ ሲመጣ መጠርጠር የነበረብኝ እኔ ነኝ። የትም አገር ሁሉም ሞልቶ አይመጣም። ደስ አለኝና አልጠየቅሁም።»

«አሁንስ ምን ልታደርጊ ነው?»

«ጽሑፉን ከመጽሔቱ አነሣዋለሁ። ከስምንቱ ሰባት ይቀረኛል።»

«ሰባት አይበቃም?»

«አይበቃም።»

«ጎደለብሽ ማለት ነው» አሉ እማማ።

«ጎደለብኝ፣ እማማ።»

ከዚያ በኋላ ዶክተር ናጅዋን ሊመረምሯት ይዘው ጓዳ ገቡና በሩን ዘጉ። እኔ ደጅ ሆኜ ዶሮዎቹን ቆጠርኩ። ሰባት ናቸው።

ስንመለስ በሚኒባሱ ውስጥ «ማመልከቻህ ጥሩ ነው» አሉኝ። «ጉዳዩን በመጀመሪያው መስመር ተናግረሃል።» ማታ የልብሴን ፌስታል ፈታሁ።

ታኅሣሥ 13

ኔትወርክ ሦስት ቀን ጠፍቶ ዛሬ መጣ። ዶክተር ለመጽሔቱ ደብዳቤውን ላኩ። ከመላካቸው በፊት ጣታቸውን ከቁልፉ በላይ አንጠልጥለው፣ «የአንተም ስም አብሮ ይነሣል፤ አውቀሃል?» አሉኝ። «አውቄያለሁ» አልኩ። ተጫኑት። ድምፅ እንኳ አልነበረውም።

ለእናቴ ደወልኩ።

«ስሜ ከመጽሔቱ ሊሰረዝ ነው።»

«ያ አላህ! ሰረቅህ እንዴ?»

«አይደለም፤ እውነት ተናገርኩ።»

ከኋላዋ ዝናብ ቆርቆሮ ሲመታ ይሰማኛል፤ በእኛ አገር በታኅሣሥም ይዘንባል።

«ለጎረቤት ምን ልበል እንግዲህ?»

«እኔ እንጃ።»

«እውነት ተናግሮ ተሰረዘ እላለሁ። ከበፊተኛው ወሬ ይኼኛው ይሻላል፤ ያኛውን ማንም አልተረዳውም ነበር።»

ታኅሣሥ 20

የማመልከቻው ቀን ዛሬ አለፈ። ዶክተር ቀኑን ሙሉ አዲስ ብልቃጥ ላይ ቁጥር ሲያስለጥፉኝ ዋሉ። በአሥር ሰዓት ሰዓታቸውን አዩና «ተዘጋ» አሉ። ቀሚሱ ከነላስቲኩ ቁም ሣጥን ላይ ተሰቅሏል። ይታገሱ ሻይ አምጥቶ ስኳሩን አብዝቶ አማሰለላቸው፤ ለመጽናናት ከዚህ በላይ ነገር አያውቅም። ስኳር አይወዱም፣ ጠጡት።

ሰባቱን ጽሑፎች በአንድ አቃፊ አድርጌ ሳስቀምጥ ከስድስተኛው በኋላ ያለው ሁሉ አንድ ተራ ወደ ላይ ተሸጋሸገ። ሰባተኛው ስድስተኛ ሆነ። በዝርዝሩ ላይ «ስምንተኛ» የሚለውን መስመር ግን አልሰረዝኩትም። ባዶውን ተውኩት።

ጥር 3፣ ሾላ ምንጭ

በችኮላ። የእማማ ነሲባ ቅሬ ዋርካው ሥር ተሰበሰበ። ወንዶቹም መጥተዋል። እማማ ዱላቸውን ተመርኩዘው ቆሙ። የተናገሩትን እንዳለ እጽፈዋለሁ፦

«ዶክተሯ ሰው ሞቶባት አይደለም፤ ሥራ ሞቶባታል። የገደልነው እኛ ነን። እንጨት አይደለም የምናዋጣላት፣ እንጀራ አይደለም። ዛሬ ማንም ለማንም አይሞላም። የታመመችም የራሷን፣ ያፈረችም የራሷን። ያን ጊዜ ባዶውን ካስቀመጡት አንዷ እኔ ነኝ። ደም አይ ነበር፤ አፍሬ ለጎረቤቴ ሰጠኋት። እኔ ካፈርኩ እናንተ ምን አላችሁ?»

አንድ ሽማግሌ ከወንዶቹ በኩል፣ «እኔም» አሉ። ቀጥሎ አንዲት ሴት። ቀጥሎ ብዙ።

እኔ ደግሞ ተራዬ ደርሶ ጮክ ብዬ፣ «የየራሳችሁን!» አልኩ። ሕዝቡ ሳቀብኝ። «ሰማን፣ አንተ የሰባ ሰባት ልጅ፣ ሰማን!»

ጥር 4

አንድ መቶ ሠላሳ አንድ ብልቃጥ። እያንዳንዱ በራሱ እጅ። ለሴቶቹ ዶክተር በመጋረጃ ኋላ ተቀበሉ፣ ለወንዶቹ እኔ። በሁለት ሳጥን አድርጌ እስከ ወልድያ ጭኔ ላይ ይዤ መጣሁ። ከጎኔ የተቀመጡት ሰው «ማር ነው?» አሉኝ። «ከማር ይበልጣል» አልኳቸው።

ጥር 8

የዶክተር ዜማ ዛሬ ሃያ አንድ ጊዜ ተቋረጠ። ትናንት ሃያ ጊዜ። ከመቶ ሠላሳ አንዱ አርባ አንድ፤ እንደ ጎረቤት መንደሮቹ ሁሉ። ምንጩ ማንንም አላዳነም፤ ሰዉ ልብስ የሚያጥበውና ወደ አትክልቱ የሚሻገረው በወንዙ ነውና።

ከሰዓት በኋላ ዶክተር ጠሩኝና «ና፣ እይ» አሉኝ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ተሸካሚ እንጂ ተመልካች ሆኜ አላውቅም። አንድ ዓይኔን ጨፍኜ አየሁ። ቢጫ፣ እንደ ስንዴ ፍሬ ያለ፣ በጎኑ አንዲት እሾህ ያለችው ነገር ነው። መስታወቱ ላይ ሃምሳ ሰባት ይላል። ቁጥሮቹን የለጠፍኩት እኔ ስለሆንኩ ሃምሳ ሰባት ማን እንደሆነች አውቃለሁ፤ የሥራዬ ጠባይ ነው፣ የሌሎቹንም አስታውሳለሁ። ጥቂቶቹን።

«ዓይንህን ምን ነካው?» አሉኝ ዶክተር።

«አቧራ ገባብኝ።»

«ማይክሮስኮፕ ውስጥ አቧራ የለም፣ ናስር።» ትከሻዬን ጫን አደረጉኝ። «አይዞህ። መድኃኒት ያለው በሽታ ነው። ያኛው ያንተው መድኃኒት ያለው አይመስለኝም።»

የትኛው እንደሆነ አልጠየቅሁም።

ጥር 10

ዶክተር አዲሱን ጽሑፍ ጀመሩ። የመጀመሪያው ስሕተት እንዴት እንደ ተፈጠረ ራሱ ይጻፋል አሉ፤ ሌላ አገር ያለ ተመራማሪም በሁለት ሰፌድ እንዳይታለል። «ናሙናው እንዴት እንደ ተሰበሰበ የሚለውን ክፍል አንተ በአማርኛ ጻፈው፤ እኔ ወደ እንግሊዝኛ እመልሰዋለሁ» አሉኝ። አራተኛ ክፍል መሆኔን አስታወስኳቸው። «እኔ ዶክተር ነኝ፣ የቅሬን ደንብ አላውቅም ነበር» አሉኝ። መቼ ታትሞ እንደሚወጣ አይታወቅም፤ ዓመት ሊፈጅ ይችላል። ማዕረጉም ለሚቀጥለው ዓመት ቀርቷል። ዛሬ ስሠራ ውዬ አንድ ገጽ ጻፍኩ። ጥፍሬ እያደገ ነው።

ጥር 16፣ ሾላ ምንጭ

ስንጠብቀው የነበረው መድኃኒት ደርሶ ዛሬ ታደለ። የክኒኑ ቁጥር የሚታወቀው በቁመት ነው፤ መስመር የተሰመረበት እንጨት አጠገብ ሰውየው ይቆማል፣ ጭንቅላቱ የደረሰበት መስመር ስንት እንደሚውጥ ይናገራል። እንጨቱን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ዶክተር ይመዘግባሉ፣ እማማ ነሲባ «ሳይበላ የሚውጥ እንዳይኖር! አንተ፣ በልተሃል? ምን በላህ? እስቲ አፍህን!» እያሉ ያጣራሉ።

ናጅዋ ተራዋ ሲደርስ ሻሿን አስተካክላ እንጨቱ ሥር ቆመች። መስመሩን ለማየት መጠጋት ያስፈልጋል። ሁለት ጊዜ ለካሁ። ዶክተር ቀና ሳይሉ «ልጅቷ በመሐል አታድግም፣ ናስር» አሉ።

«አራት» አልኩ።

አራት ክኒን በመዳፏ ተቀበለች። ሦስቱን በየተራ ዋጠች፤ መራራ ነው፣ ፊቷ ተጨማደደ። አራተኛውን ይዛ ቆየችና ወደ እኔ ዘረጋችው።

«ይቺን አንተ ሙላልኝ።»

«አይቻልም።»

«ለጎደለባት ያላት ትሙላላት አይደል እንዴ ደንቡ?»

«ይህኛው አይሞላም። የየራሳችሁን ብያለሁ።»

«አሁን ነው የምትለው?» አለች። ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ሳትጨርስ፣ ሌላው እንዳይሰማ ዝቅ አድርጋ፣ «እሺ፤ ታዲያ አንተ ምን ልትሞላልኝ ትችላለህ?» አለችኝ።

ጋሽ ወልዴ ቢኖሩ፣ ጉዳይህን በመጀመሪያው መስመር ተናገር ባሉኝ ነበር። ከኋላዋ ሠላሳ ሰው ተሰልፏል። እማማ ነሲባ ዱላቸውን ተመርኩዘው ያዩናል። ዶክተር እስክሪብቶአቸውን አቁመዋል።

የውኃ ብርጭቆዋ ጎድሎ ነበር። እርሱን ሞላሁላት።